ከሲኩዌንስ ተነስቶ የባክቴሪያን የውጭ ሜምብሬን ፕሮቲኖች መለየት፦ ደረጃ በደረጃ

የኢ. ኮላይ ኬ-12 ጂኖም ወደ 4,300 የሚጠጉ የፕሮቲን ጂኖች አሉት። ከእነዚህ ውስጥ የውጭው ሜምብሬን (ከውስጠኛው ሜምብሬን ውጭ ያለው ሁለተኛው የስብ ሽፋን) ላይ በርሜል መሰል ቅርጽ ይዘው የሚተከሉት ከመቶ ሁለት ወይም ሦስት ቢሆኑ ነው። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ይህን ስሌት በወረቀት ሥሩት፦ እውነተኞቹ 100 ናቸው እንበል፤ ትንበያ የሚሰጠው ፕሮግራም ከቀሩት 4,200 ውስጥ በአምስት በመቶው ላይ ቢሳሳት 210 የማይገባቸው ፕሮቲኖች ዝርዝሩ ውስጥ ይገባሉ። መቶዎቹን አንድም ሳያመልጠው ቢይዝ እንኳ ከዝርዝሩ ሁለት ሦስተኛው ስህተት ነው። «95 በመቶ ትክክል» የተባለለት ፕሮግራም ሙሉ ጂኖም ላይ ሲለቀቅ የሚያሳፍረው ለዚህ ነው።

ስለዚህ በተለያየ ምክንያት የሚሳሳቱ ማጣሪያዎችን እናደራርባለን። ከሁሉ በላይ ግን የሲኩዌንሱን (የአሚኖ አሲዶቹን ቅደም ተከተል) ሁለት ጫፎች፣ መነሻውን ኤን-ጫፍና መጨረሻውን ሲ-ጫፍ፣ እንጠብቃለን። አብዛኛው ጥፋት የሚገባው ትንበያው ላይ ሳይሆን ከዚያ በፊት፣ በጫፎቹ በኩል ነው።

የምንፈልገው ነገር ምን ይመስላል?

የውስጠኛው ሜምብሬን ፕሮቲኖች ስቡን የሚሻገሩት ውኃ በሚሸሹ ወደ 20 የሚጠጉ አሚኖ አሲዶች በተሠራ አልፋ ሄሊክስ ነው። እንዲህ ያለው ተከታታይ ክፍል ሲኩዌንሱ ላይ ጎልቶ ስለሚታይ ለማግኘት አያስቸግርም። የውጭው ሜምብሬን ፕሮቲኖች ግን የሚሻገሩት አብዛኛውን ጊዜ ከ9 እስከ 11 አሚኖ አሲድ ርዝመት ባላቸው ቤታ ክሮች ነው። በክሩ ላይ አንዱ አሚኖ አሲድ ወደ ስቡ፣ ቀጣዩ ወደ በርሜሉ ውስጥ ይዞራል፤ ስለዚህ ውኃ የሚሸሸውና ውኃ የሚወደው እየተፈራረቁ ይሄዳሉ። አማካዩን ስትወስዱ ፕሮቲኑ እንደ ማንኛውም በውኃ የሚሟሟ ፕሮቲን ይመስላል። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም፦ ረጅም ውኃ የሚሸሽ ክፍል ቢኖረው ኖሮ ወደ ውጭ ሲጓዝ ውስጠኛው ሜምብሬን ላይ ተሰክቶ ይቀር ነበር።

የክሮቹ ቁጥር በባክቴሪያ በርሜሎች ተጋማሽ (ለሁለት እኩል የሚከፈል) ቁጥር ነው፦ ኦምፕ-ኤ እና ኦምፕ-ኤክስ 8፣ ኦምፕ-ኤፍ 16፣ ላም-ቢ 18፣ ኤፍኤችዩ-ኤ 22፣ ኤልፒቲ-ዲ 26። የበርሜሉ ሁለቱም ጫፎች በፔሪፕላዝም (በሁለቱ ሜምብሬኖች መካከል ባለው ክፍተት) በኩል ይቀራሉ። በፔሪፕላዝም በኩል ያሉት መታጠፊያዎች አጫጭር፣ ከሕዋሱ ውጭ ያሉት ቀለበቶች ረጃጅም ናቸው።

ደረጃ 1፦ ፋይሉን ማጽዳት

የተጠናቀቀ ጂኖም ከሆነ የፕሮቲን ፋስታ ፋይሉን ከኤንሲቢአይ ወይም ከዩኒፕሮት አውርዱ። የራሳችሁ ጂኖም ከሆነ በባክታ ወይም በፕሮዲጋል ጂኖቹን አውጡ። ከዚያ በፊት ከንባቦች የተገጣጠመውን ጂኖም ሙላትና ብክለት በቼክኤም እዩ፤ የሌላ ባክቴሪያ ቁራጭ ከገባ የዚያም ፖሪን (ቀዳዳ የሚሠራ በርሜል) አብሮ ይቆጠራል።

ፕሮዲጋል በእያንዳንዱ ፕሮቲን መጨረሻ ላይ የኮከብ ምልክት (*) ይተዋል። ይህን አጥፉ። አንዳንድ ፕሮግራሞች ምልክቱን ሲያዩ ይቆማሉ። የከፋው ዝም ብለው የሚቀጥሉት ናቸው፤ ምክንያቱም በደረጃ 6 የመጨረሻውን አሚኖ አሲድ ስንመረምር «መጨረሻ» ሆኖ የሚቆጠረው ኮከቡ ይሆናል።

ቀጥሎ በኮንቲግ (ከንባቦች በተገጣጠመ ያልተቋረጠ የዲኤንኤ ቁራጭ) ዳር የተቆረጡ ጂኖችን ለዩ። ፕሮዲጋል በርዕሱ መስመር ላይ ሁለት አኃዝ ይጽፋል፦ 00 ጂኑ ሙሉ ነው ማለት ነው፤ 10 በግራ፣ 01 በቀኝ፣ 11 በሁለቱም ዳር ተቆርጧል። ግራና ቀኝ የሚባለው ግን የኮንቲጉ ነው እንጂ የፕሮቲኑ አይደለም። ጂኑ በተቃራኒው የዲኤንኤ ክር ላይ ከሆነ በግራ መቆረጥ ማለት የሲ-ጫፉ መጥፋት ነው። የተቆረጡትን አትጣሉ፤ በሌላ ፋይል አስቀምጡና የጎደለውን ጫፍ መዝግቡ።

በናኖፖር ንባብ ብቻ የተገጣጠመ ጂኖም ተጨማሪ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ተመሳሳይ ቤዝ በተደጋገመበት ቦታ ላይ አንዱ ቤዝ ሲወድቅ የንባብ ፍሬሙ ይዛባና ጂኑ ሳያልቅ ይቆማል። ኤምኤምሲክስ2ን ተጠቅማችሁ ፕሮቲኖቹን ከዩኒፕሮት ዘመዶቻቸው ጋር አወዳድሩ። ከዘመዱ ርዝመት 80 በመቶ በታች የሆነውን ሁሉ ምልክት አድርጉበት። ሰማንያ የተቀደሰ ቁጥር አይደለም፤ ለዓይን ምርመራ የሚበቃ ዝርዝር እንዲወጣ ብቻ ነው።

ደረጃ 2፦ መልሳቸው የሚታወቅ ፕሮቲኖችን ማዘጋጀት

ይህ ደረጃ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ሊዘለል ግን አይገባም። ከኢ. ኮላይ ኬ-12 (በዩኒፕሮት የፕሮቲዮም ቁጥሩ ዩፒ000000625) ሁለት ትንንሽ ፋይሎች አዘጋጁ።

በአዎንታዊው ፋይል ኦምፕ-ኤ፣ ኦምፕ-ኤፍ፣ ኦምፕ-ኤክስ፣ ላም-ቢ፣ ኤፍኤችዩ-ኤ፣ ባም-ኤ፣ ኤልፒቲ-ዲ እና ቶል-ሲ ይግቡ። በአሉታዊው ፋይል ቀላል የሳይቶፕላዝም ፕሮቲኖችን መሙላት ጥቅም የለውም፤ አታላዮቹን ፈልጉ። ቶል-ቢ በፔሪፕላዝም የሚኖር፣ ሲግናል ፔፕታይድ ያለው፣ በቤታ ክር የተሞላ ፕሮቲን ሆኖ ሳለ በርሜል የለውም። ኤስኬፒ በብዙ ዳታቤዝ ውስጥ «ኦምፕ-ኤች» የሚል ስም ተሰጥቶታል፤ እሱ ግን በፔሪፕላዝም ውስጥ ሌሎችን የሚያግዝ ሻፐሮን ነው። ኦምፕ-አር ደግሞ በሳይቶፕላዝም ውስጥ የጂን ተቆጣጣሪ ነው። ፓል በስብ ጭራው ውጭኛው ሜምብሬን ላይ የሚንጠለጠል ሊፖፕሮቲን ሲሆን በርሜል የለውም። ሞት-ቢ የፍላጀለም (የባክቴሪያው መዋኛ ጭራ) ሞተር አካል ሆኖ በውስጠኛው ሜምብሬን ላይ ይቀመጣል።

እነዚህን በሁሉም ደረጃዎች ከራሳችሁ መረጃ ጋር አብራችሁ አሳልፉ። የኢ. ኮላይ ፕሮቲኖች አብዛኞቹ ፕሮግራሞች የሠለጠኑባቸው ስለሆኑ ሁሉም ቢያልፉ የሚያረጋግጥላችሁ አሠራራችሁ አለመሰበሩን ብቻ ነው፤ በአዲስ ባክቴሪያ ላይ ትንበያው ይሠራል ማለት አይደለም። ለዚያ ከሥልጠናው መረጃ ጋር ተመሳሳይነቱ ከ30 በመቶ በታች የሆነ መፈተኛ ያስፈልጋል። ሲዲ-ሂት ለፕሮቲን ከ40 በመቶ በታች ስለማይወርድ እዚህም ኤምኤምሲክስ2ን ተጠቀሙ።

ደረጃ 3፦ ሲግናል ፔፕታይድ

ውጭኛው ሜምብሬን ላይ የሚደርስ ፕሮቲን በመጀመሪያ ውስጠኛውን መሻገር አለበት፤ የይለፍ ምልክቱ ኤን-ጫፉ ላይ ያለው ሲግናል ፔፕታይድ ነው። ሲግናልፒ 6.0ን አስኪዱ፤ የፍጥረቱ ዓይነት በሚለው ቦታ ኢዩካሪዮት ያልሆነውን ምርጫ ውሰዱ። ውጤቱ በዓይነት ይከፈላል፦ በሴክ በሚባለው ማሻገሪያ የሚያልፉና ሲግናሉን በሚቆርጠው ኢንዛይም፣ በሲግናል ፔፕቲዴዝ አንድ፣ የሚቆረጡ፣ ሊፖፕሮቲን ሆነው በሲግናል ፔፕቲዴዝ ሁለት የሚቆረጡ፣ ታት በሚባለው ሌላ ማሻገሪያ የሚሄዱ እና ሌሎች።

የኦምፕ-ኤን ጅማሬ በቅርብ እዩት። ሙሉው ፕሮቲን 346 አሚኖ አሲድ ነው። የመጀመሪያዎቹ 21 ሲግናል ፔፕታይድ ናቸው፦ ከመነሻው ሜቲዮኒን ቀጥሎ ሁለት ላይሲን፣ ከዚያ ውኃ የሚሸሽ መሃል፣ በመጨረሻ አላኒን፣ ግሉታሚን፣ አላኒን። መቁረጫው ከመጨረሻው አላኒን በኋላ ነው። ከመቁረጫው በፊት ባሉት አንደኛና ሦስተኛ ቦታዎች ላይ ትንንሽ አሚኖ አሲዶች መኖራቸው የተለመደ ነው፤ ፕሮግራሙ ሲያመነታ በዓይን የምታዩት ይህንን ነው።

የሊፖፕሮቲን ዓይነት የወጣውን ሁሉ ወዲያው ማስወገድ ከባድ ስህተት ነው። የፕሱዶሞናስ ኦፒአር-ኤም እና የኢ. ኮላይ ከስ-ሲ ስብ የተያያዘባቸው ሊፖፕሮቲኖች ሆነው ሳለ በርሜል ይሠራሉ። ሊፖፕሮቲኖቹን ለብቻ ክምር አስቀምጡና በደረጃ 5 አብረው ይሂዱ።

አሁን ወደ ዋናው ጥፋት። ጂን አውጪው ፕሮግራም የመነሻ ኮዶኑን 20 አሚኖ አሲድ ወደ ኋላ ወስዶ ቢያስቀምጠው፣ ሲግናል ፔፕታይዱ ከጫፉ ርቆ መሃል ላይ ይወድቃልና ሲግናልፒ «የለም» ይላል። ወደ ፊት ገፍቶ ቢያስቀምጠው ደግሞ ምልክቱ ተቆርጦ ይጠፋል። በሁለቱም መንገድ ጥሩ ፖሪን በመጀመሪያው በር ላይ ይመለሳል፤ ማንም አያየውም። ስለዚህ በደረጃ 5 በርሜል ሆነው የተተነበዩ፣ ግን ሲግናል ያልተገኘላቸውን ሰብስቡ። ለእያንዳንዳቸው ከተመዘገበው መነሻ ወደ ላይና ወደ ታች እስከ 60 ኮዶን ድረስ በዚያው ፍሬም ያሉትን ኤቲጂ፣ ጂቲጂ እና ቲቲጂ ኮዶኖች ፈልጉ። ወደ ላይ ስትሄዱ ማቆሚያ ኮዶን ካገኛችሁ እዚያ ተውት። ከእያንዳንዱ መነሻ የሚጀምረውን ፕሮቲን ጽፋችሁ ሲግናልፒን እንደገና አስኪዱ፤ ጥርት ያለ ሲግናል የሰጠው መነሻ ከዘመዶቹ አሰላለፍ ጋር ከተስማማ እሱን ውሰዱ።

አውቶትራንስፖርተሮች (የራሳቸውን ክፍል በራሳቸው በርሜል ወደ ውጭ የሚያወጡ ፕሮቲኖች) ሌላ ችግር አለባቸው። አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ የኢ. ኮላይ ኢኤስፒ-ፒ፣ ከ50 በላይ አሚኖ አሲድ የሚረዝም ሲግናል ስላላቸው ትንበያው ሊያመልጣቸው ይችላል።

ደረጃ 4፦ የውስጠኛውን ሜምብሬን ፕሮቲኖች ማስወጣት

መጀመሪያ ሲግናል ፔፕታይዱን በተተነበየው ቦታ ቁረጡ፤ ከዚያ የቀረውን ፕሮቲን ለሄሊክስ ትንበያ ስጡ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ የሲግናሉ ውኃ የሚሸሽ መሃል ራሱ እንደ ሄሊክስ ይቆጠርና እውነተኞቹ በርሜሎች በጅምላ ይጣላሉ። የቆየውን ቲኤምኤችኤምኤም የሚጠቀሙ ሰዎች የሚሳሳቱት በአብዛኛው እዚህ ነው። ዲፕቲኤምኤችኤምኤም እና ፎቢየስ ሁለቱን ለመለየት የተሠሩ ስለሆኑ ሙሉውን ሲኩዌንስ መቀበል ይችላሉ።

ሁለትና ከዚያ በላይ ሄሊክስ ያላቸውን አስወጡ። አንድ ብቻ ያለውን «ይታይ» በሚል አቆዩት።

ደረጃ 5፦ በርሜሉን መተንበይ

ቢያንስ ሁለት በአሠራራቸው የተለያዩ ፕሮግራሞችን ተጠቀሙ። ዲፕቲኤምኤችኤምኤም እያንዳንዱን ፕሮቲን በዓይነት ይከፍላል፤ የቤታ በርሜል ምድብም አለው፤ ክሮቹን በየቦታቸው ያስቀምጣል። ፕሬድ-ቲኤምቢቢ2 ሂደን ማርኮቭ በሚባል የስታቲስቲክስ ሞዴል የሚሠራ ነው። ፒሶርትቢ 3.0 ደግሞ የፕሮቲኑን መኖሪያ ይናገራል፦ ውጤቱ እስከ 10 ሲሆን 7.5 እና ከዚያ በላይ ያገኘው ቦታ ይመረጣል። ፒሶርትቢ እርግጠኛ ካልሆነ «አይታወቅም» ማለትን ይመርጣል። ይህን መልስ «አይደለም» ብላችሁ አትቁጠሩት፤ ባዶ ሣጥን ነው።

ኢንተርኔት የሚቆራረጥበት ቦታ ያላችሁ ፋይሉን በትንንሹ ከፋፍላችሁ ላኩ። ወደ ድረ ገጽ የምትልኩት በደረጃ 3 እና 4 የተረፈውን ብቻ ከሆነም ሸክሙ በብዙ ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ ግን ሲግናል ያልተገኘላቸውን ለማዳን ከዩኒፕሮት ዘመዶቻቸው በርሜል የሆኑትን ለይታችሁ ጨምሩ።

የክሮቹ ቁጥር ጎዶሎ ሆኖ ሲወጣ ብዙውን ጊዜ ፕሮግራሙ አንድ ክር ዘልሏል ማለት ነው። በፔሪፕላዝም በኩል ያለውን እያንዳንዱን መታጠፊያ ርዝመት ለኩ። በአጫጭር መታጠፊያዎች መካከል አንዱ ብቻ 30 አሚኖ አሲድ ቢረዝም የተዘለለው ክር እዚያ አካባቢ ነው። የ15 ክር ትንበያ ስላያችሁ ፕሮቲኑን አትጣሉት።

ትንሹ ባለ 8 ክር በርሜል ራሱ ወደ 150 አሚኖ አሲድ ይፈልጋል፤ ሲግናሉ የተቆረጠለት ኦምፕ-ኤክስ 148 ነው። ከ120 በታች ለሆነ ፕሮቲን የተሰጠ «በርሜል» የሚል ትንበያ አጠራጣሪ ነው። ከዚህ የሚያመልጡት በጋራ በርሜል የሚሠሩት ናቸው። ያድ-ኤን የመሰሉ ሦስትዮሽ አውቶትራንስፖርተሮች እያንዳንዳቸው 4 ክር አዋጥተው ባለ 12 ክር በርሜል ይሠራሉ። ቶል-ሲም እንዲሁ በሦስት ነው። ሲኤስጂ-ጂ በዘጠኝ ሆኖ 36 ክር ያወጣል። ነጠላ ሰንሰለት የሚያይ ፕሮግራም እነዚህን ሊስት ይችላል፤ የሚያዙት በደረጃ 7 ነው።

ደረጃ 6፦ የሲ-ጫፍ ፊርማ

በርሜሉን ሜምብሬኑ ላይ የሚተክለው የባም ማሽን ፕሮቲኑን የሚለየው በአብዛኛው በመጨረሻው ክር ነው። ስለዚህ የመጨረሻው አሚኖ አሲድ ብዙ ጊዜ ፌኒልአላኒን፣ አንዳንዴ ትሪፕቶፋን ነው፤ ከእሱ ወደ ኋላ ሲቆጠር በ3ኛው፣ 5ኛው፣ 7ኛውና 9ኛው ቦታ ላይ ውኃ የሚሸሹ አሚኖ አሲዶች ይገኛሉ።

ኦምፕ-ኤፍን ከመጨረሻው ወደ ኋላ አንብቡት፦ ፌኒልአላኒን፣ ግሉታሚን፣ ታይሮሲን፣ ቫሊን፣ አይሶሉሲን፣ ግላይሲን፣ ቫሊን፣ አላኒን፣ ቫሊን። 1ኛው፣ 3ኛው፣ 5ኛው፣ 7ኛውና 9ኛው በሙሉ ውኃ የሚሸሹ ናቸው። ላም-ቢ እና ባም-ኤ የሚያልቁት በትሪፕቶፋን ነው። ይህን ፍተሻ በፓይተን አሥር በማይሞላ መስመር መጻፍ ይቻላል።

ሕጉ ግን የሚሠራው በርሜሉ የፕሮቲኑ መጨረሻ ላይ ሲሆን ነው። ኦምፕ-ኤ በርሜሉን የሚጨርሰው ሲግናሉ ከተቆረጠ በኋላ በ170ኛው አሚኖ አሲድ ገደማ ሲሆን ቀሪው በፔሪፕላዝም የሚንጠለጠል ክፍል ነው። የቶል-ሲ ክሮች መሃል ላይ ናቸው። ኢንቲሚንና ኢንቬዚን በርሜላቸው በኤን-ጫፉ በኩል ነው። ስለዚህ ፊርማው መገኘቱን እንደ ማስረጃ ጨምሩ፤ አለመገኘቱን ለመጣያ አትጠቀሙበት። ብዙ ክፍል ባለው ፕሮቲን ላይ ፍተሻውን በተተነበየው የመጨረሻ ክር ጫፍ ላይ ድገሙት።

ደረጃ 7፦ ቤተሰብ ፍለጋ፣ እና የስም ወጥመድ

ሃመር የተባለውን ፕሮግራም በፒፋም (የፕሮቲን ቤተሰቦች ዳታቤዝ) ላይ አስኪዱ፤ የራሱን የፒፋምን የመቀበያ ገደብ ተጠቀሙ እንጂ አንድ ወጥ የኢ-ዋጋ (ግጥሚያው በአጋጣሚ የመምጣቱ ግምት) አትጫኑበት። ፒኤፍ00593 በቶን-ቢ የሚታገዙ ተቀባዮችን፣ ፒኤፍ02321 የቶል-ሲ ዘመዶችን፣ ፒኤፍ03797 አውቶትራንስፖርተሮችን፣ ፒኤፍ00577 አሸሮችን (በባክቴሪያው ገጽ ላይ ፀጉር መሰል ክሮችን የሚያወጡ በርሜሎች) ይይዛል።

ወጥመዱ ፒኤፍ00691 ነው። «የኦምፕ-ኤ ቤተሰብ» ተብሎ የሚመዘገበው ይህ ክፍል የኦምፕ-ኤ በርሜል አይደለም፤ በፔሪፕላዝም የሚቀረው ጭራ ነው። ያው ጭራ በፓልም በሞት-ቢም ላይ አለ። በጂኖም ማብራሪያ ላይ «ኦምፕ-ኤ» የሚለውን ቃል ፈልጎ ዝርዝር ያወጣ ሰው ፍላጀለም ሞተርን የውጭ ሜምብሬን ፕሮቲን አድርጎ ያስረክባል። በማብራሪያ ስም ብቻ የተሠራ ዝርዝር አትቀበሉ፣ አትስጡም።

ደረጃ 8፦ ቅርጹን ማየት

ለተረፉትና ለሚያወዛግቡት ብቻ የአልፋፎልድ ዳታቤዝን (የተተነበዩ የፕሮቲን ቅርጾች ክምችት) ተመልከቱ፤ ከሌለ በኮላብፎልድ ሥሩ። ዳታቤዙ ሲግናሉን ሳይቆርጥ ስለሚሠራ ጫፉ ላይ ብቻዋን የቆመች ሄሊክስ ታያላችሁ፤ እሷን እለፏት። የምትፈልጉት የመጀመሪያውና የመጨረሻው ክር ጎን ለጎን ገጥመው በርሜሉን መዝጋታቸውን ነው። በክሮቹ ላይ የእርግጠኝነት ነጥቡ ከ70 በላይ መሆን አለበት፤ የውጭዎቹ ረጃጅም ቀለበቶች ነጥብ ዝቅ ቢል ግን ችግር የለውም።

የተዘጋ በርሜል ሁሉ የሜምብሬን በርሜል አይደለም። ሊፖካሊኖች ባለ 8 ክር በርሜል ሆነው በውኃ ይሟሟሉ። ቅርጹን በአሚኖ አሲድ ባሕርይ ቀቡትና ውጭኛውን ገጽ እዩ፦ እውነተኛው 24 አንግስትሮም ገደማ ስፋት ያለው ውኃ የሚሸሽ መቀነት ይኖረዋል፣ በመቀነቱ ከላይና ከታች ዳር ታይሮሲንና ትሪፕቶፋን ተደርድረው ይታያሉ። መቀነቱ ከሌለ ትንበያውን ሰርዙ። በጋራ በርሜል የሚሠሩትን ደግሞ በሦስት ወይም በሚገባቸው ቁጥር አብራችሁ ሥሩ፤ ቶል-ሲን ብቻውን ብትሠሩት የምታገኙት የተከፈተ ጥቅልል ነው።

ባክቴሪያው ከኢ. ኮላይ ሲርቅ

ከላይ ያለው ሁሉ ለፕሮቲዮባክቴሪያ የተስተካከለ ነው። ቬይሎኔላ በዝምድናው ከግራም ፖዚቲቮቹ ጋር ሆኖ የውጭ ሜምብሬን አለው፤ ፒሶርትቢ ለእንዲህ ያሉት የተለየ ምርጫ አለውና እሱን ምረጡ። የማይኮባክቴሪያው ኤምኤስፒ-ኤ እያንዳንዱ ሰንሰለት 2 ክር ብቻ አዋጥቶ በስምንት ሆኖ ባለ 16 ክር በርሜል ስለሚሠራ ነጠላ ሰንሰለት የሚያይ ማጣሪያ አይይዘውም። ቦሬሊያ ውጭኛ ሜምብሬኑ ላይ ሊፖፖሊሳካራይድ የለውም፤ ሊፖፕሮቲን ግን በብዛት አለው። በእነዚህ ላይ ከደረጃ 6 ይልቅ ለደረጃ 8 ክብደት ስጡ።

ሠንጠረዡን ማስረከብ

ለእያንዳንዱ ፕሮቲን አንድ መስመር፦ መለያ፣ የሲግናል ዓይነት፣ የመቁረጫ ቦታ፣ ከተቆረጠ በኋላ ርዝመት፣ የሄሊክስ ቁጥር፣ የክር ቁጥር ከየፕሮግራሙ ለየብቻ፣ የሲ-ጫፍ ፊርማ፣ ፒፋም፣ ፒሶርትቢ፣ ቅርጽ፣ የተለወጠ መነሻ ኮዶን ካለ። ሲግናል፣ የበርሜል ትንበያ፣ እንዲሁም ቤተሰብ ወይም የተዘጋ ቅርጽ ያለውን «ሀ» በሉት፤ ከሦስቱ ሁለቱን ያሟላውን «ለ»፤ አንድ ብቻ ያለውን «ሐ»። የፕሮግራሞቹን የስሪት ቁጥርና ያስኬዳችሁበትን ቀን ከላይ ጻፉ።

የመቁረጫ ቦታው ዓምድ ባዶ እንዳይቀር። ፕሮቲኑን ላብራቶሪ ውስጥ የሚያመርቱት ሰዎች ብዙ ጊዜ ሲግናሉን አስወግደው በኢንክሉዥን ቦዲ (በሕዋሱ ውስጥ ባልተስተካከለ ቅርጽ የተከማቸ የፕሮቲን እብጠት) መልክ ካወጡት በኋላ በዲተርጀንት ወደ ትክክለኛ ቅርጹ ይመልሱታል። ፕራይመሩን የሚያዙት ከዚያ ቁጥር ተነስተው ነው፤ ቁጥሩ በአንድ አሚኖ አሲድ እንኳ ቢዛነፍ የሚመረተው ፕሮቲን ጅማሬው ከእውነተኛው ይለያል።